በረካ የሌለው ጨዋታ፦ አሥር ደቂቃን ሦስት ሰዓት የሚያደርጉ ጌሞች ከውስጥ ሲታዩ

ቡና ጊዜ ይወስዳል፤ ግን መጨረሻው ይታወቃል። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ በረካው ካለቀ ሲኒው ይሰበሰባል፣ «በሉ እንግዲህ» ይባልና ሰው ይነሳል። ማንም ሰዓት ማየት አያስፈልገውም፤ ሦስተኛው ሲኒ ራሱ ሰዓት ነው።

«አሥር ደቂቃ ብቻ» ተብለው ተከፍተው ሌሊቱን የሚያጋምሱ ጌሞች የጎደላቸው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ነገሩን «ጌሙ ስለሚጥም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰዓት በመብላት የሚታሙት ልብ የሚያንጠለጥሉት የተኩስ ጌሞች በሆኑ ነበር። እነሱ ግን ያደክማሉ፤ ጥቂት ዙር ከተጫወቱ በኋላ እጅም ዓይንም እረፍት ይጠይቃል። ሰዓት የሚበሉት ረጋ ያሉት ናቸው፦ ከተማ የሚያስቆረቁሩት፣ ማሳ የሚያሳርሱት፣ ፋብሪካ የሚያስተክሉት፣ ካርታ የሚያስመዝዙት። ሥራቸው በትንንሽ ቁራጭ የተከፋፈለ ነው፤ ቁራጮቹ ግን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ነው የተመቱት። አንዱ በሚያልቅበት ቦታ ሌላው ከተጀመረ ቆይቷል።

የዚህ ወገን አባት ሲቪላይዜሽን ነው፤ አገር ከጥንት ጀምሮ ተራ በተራ እየተጫወቱ የሚገነቡበት ጌም። ሲድ ሜየርና ብሩስ ሼሊ ሠርተውት ማይክሮፕሮዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ካወጣው ወዲህ «አንድ ተራ ብቻ» የሚለው አባባል ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ስድስተኛው ክፍል ላይ አሸንፋችሁ ጨዋታው ሲያበቃ ሳይቀር «አንድ ተራ ብቻ» የሚል ቁልፍ ይመጣል። ቁልፉን እዚያ ያስቀመጡት ሰዎች የሚሠሩትን ያውቃሉ።

እኔም ስድስተኛውን፣ የ2016ቱን (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ልያዝ። በ2020 በወጣው ጭማሪ አፄ ምኒልክ በአማርኛ እየተናገሩ ይመጡበታል። (አምስተኛው ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ልዩ ችሎታ «የዓድዋ መንፈስ» ይባል ነበር፣ ከእናንተ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጉ 20 በመቶ ጉልበት ይጨምራል።)

20ኛው ተራ ላይ ናችሁ እንበል። ዋና ከተማችሁ ሰፋሪ፣ ማለትም አዲስ ከተማ የሚቆረቁር ቡድን፣ እያሰናዳች ነው። የመጀመሪያው ሰፋሪ 80 የምርት ነጥብ ይጠይቃል፤ ከተማዋ በየተራው 5 ካመረተች 16 ተራ ማለት ነው፣ አሁን 3 ቀርቶታል። ጽሕፈትን ለመማር 5 ተራ ቀርቷል። የከተማዋ ሕዝብ በ2 ተራ ያድጋል። ቃኚው ደግሞ ስጦታ የምትሰጥ መንደር አይቶ ለመድረስ አንድ ተራ ቀርቶታል። አንዷን ተራ ለመንደሯ ትጫወታላችሁ። መንደሯ ስትከፈት ሕዝቡ ለማደግ አንድ ተራ ብቻ ቀርቶታል። ሕዝቡ ሲያድግ ሰፋሪው ለመውጣት አንድ ተራ ብቻ ቀርቶታል። ሰፋሪው ሲወጣ ጽሕፈት 2 ቀርቶታል፤ ሰፋሪው ራሱ ደግሞ የሚሰፍርበት ኮረብታ ድረስ 4 ተራ ይሄዳል። ኮረብታ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፦ ምኒልክን የያዘ ሰው ኮረብታ ላይ የቆረቆራቸው ከተሞች ከሚያመነጩት እምነት የ15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ይጨምሩለታል፣ ጦሩም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ቅርብ ያለው ሜዳ እያለ ራቅ ወዳለው ኮረብታ መሄድ ያዋጣል፤ ሁለት ተራ ተጨመረ ማለት ነው። አዲሷ ከተማ ስትቆረቆር የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ልሥራ?» ነው። አሁን ሁለት ከተማ አላችሁ፤ የሚያልቀው ነገር ቁጥርም በእጥፍ አደገ።

«ሰፋሪው ይውጣና አቆማለሁ» የሚለው ቃል የማይከበረው ሰውየው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ሰፋሪው በሚወጣበት ሰዓት ሌላ ሦስት ነገር ጫፍ ላይ ስለደረሰ ነው። የትኛውም ተራ ላይ ብትቆሙ፣ በሁለት ወይ በሦስት ተራ የሚያልቅ ነገር አታጡም።

ሌላው ብልሃት በስተቀኝ ታችኛው ጥግ ያለው ክብ ቁልፍ ነው። «ቀጣይ ተራ» የሚለው እሱ ነው፤ ያልተጨረሰ ነገር ካለ ግን ጽሑፉ ይቀየርና «ይህ ጦር ትእዛዝ ይጠብቃል»፣ «ይህች ከተማ የምትሠራው የላትም» ይላል። ስትጫኑት ካሜራው ራሱ ወደ ሥራው ይወስዳችኋል። እጅ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ጌሙ ሥራውን ተራ በተራ እያመጣ ያቀርብላችኋል ማለት ነው። ላስብና ልወስን የሚባልበት ፋታ፣ ማለትም ሰዓት የሚታይበት ፋታ፣ አይፈጠርም። ሰዓቱ እኮ አለ፤ ከላይ በቀኝ በኩል የእውነተኛው ቀን ሰዓት በትንሹ ተጽፏል። ማን ያየዋል!

ስሌት የሚፈርሰውም እዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ተራ 15 ሰከንድ ቢወስድ ነው፤ 20 ተራ 5 ደቂቃ ነው። 200ኛው ተራ አካባቢ አሥራ ሁለት ከተማና አንድ ጦርነት ያለው ሰው አንዱን ተራ በ3 ደቂቃ ከጨረሰ ጎበዝ ነው፤ ያው 20 ተራ አንድ ሰዓት ሆነ። «20 ተራ ልጫወት» የሚለው ቃል አልተቀየረም፤ ክብደቱ ግን አሥራ ሁለት እጥፍ ሆኗል። በመደበኛው ፍጥነት ጨዋታው 500 ተራ እንዳለው አትርሱ። «ኦንላይን» የሚባለው ፍጥነት 250 ነው፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ ብቻችሁን ስትጫወቱም ይመረጣል። ጊዜ ለሌለው ሰው የመጀመሪያው መፍትሔ እሱ ነው።

ማቆሚያው ደግሞ ክስተት አይሁን፤ ቁጥር ይሁን። «ጦርነቱ ሲያልቅ» ሳይሆን «60ኛው ተራ ላይ»። 60 ላይ ስትደርሱ ጦሩን ሁሉ አንቀሳቅሳችሁ ቁልፉ «ቀጣይ ተራ» ሲል፣ ሳትጫኑት ውጡ። ከተጫናችሁት አዲስ ወሬ ይመጣል፣ ወሬው ደግሞ መልስ ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል፦ ጌሙ ራሱ ሴቭ የሚያደርገው ተራው ሲጀምር ስለሆነ፣ «ራሱ ሴቭ አድርጓል» ብሎ ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው የዚያን ተራ ትእዛዝ በሙሉ ያጣል። ከመውጣታችሁ በፊት ሴቭ ለማድረግ ኤፍ 5 ተጫኑ። ካርታው ላይ ምልክት መትከልም ይቻላል፤ ቀጣዩ ከተማ የሚቆረቆርበትን ቦታ በምልክት ካስቀመጣችሁ ነገሩ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ሲንጫጫ አያድርም። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ሥራ፣ ያልተጨረሰ ጉዳይ ሐሳብን እንደሚረብሽ፣ መቼና እንዴት እንደሚጨረስ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ግን ረብሻው እንደሚቀል አሳይተዋል። መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ የት እንደሚቀጠል መታወቁ ይበቃል።

ስታርዲው ቫሊ ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ በየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። የጌሙ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ይጀምራል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገበሬው ቢፈልግም ባይፈልግም ተዘርሮ ይወድቃል። የጌሙ አሥር ደቂቃ የእኛ 7 ሰከንድ ያህል ነው፤ 20 ሰዓቱ ሲሰላ 14 ደቂቃ ይመጣል። ብቻችሁን ስትጫወቱ ሜኑ ስትከፍቱ ሰዓቱ ስለሚቆም በተግባር ትንሽ ይረዝማል። አንድ ወቅት 28 ቀን ነው፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። አንድ ዓመት 26 ሰዓት።

14 ደቂቃ ለአጭር ጨዋታ የተለካ ይመስላል። ችግሩ ሴቭ የሚደረገው ሲተኛ ብቻ መሆኑ ነው። ቀኑ መሃል ላይ ብትወጡ ከጠዋቱ ጀምሮ የሠራችሁት ይጠፋል፤ ስለዚህ «ቀኑን ልጨርስ» ትላላችሁ፣ ትክክልም ናችሁ። ገበሬው ይተኛል፣ የቀኑ ገቢ ይቆጠራል፣ ሴቭ ይደረጋል። ማቆሚያው ይኸውና። ነገር ግን ገጹ ሲገለጥ ነግቷል፦ ፖስታ ሳጥኑ ላይ ምልክት አለ፣ ቴሌቪዥኑ የነገን አየር ይናገራል፣ ማሳው ላይ ደግሞ አንድ ነገር ደርሷል። በመጀመሪያው የጸደይ ቀን ሦስት ዓይነት ዘር ብትተክሉ ፓርስኒፕ በ4 ቀን፣ ድንች በ6፣ አበባ ጎመን በ12 ነው የሚደርሱት፤ ማለትም በ5ኛው፣ በ7ኛውና በ13ኛው ቀን። 13ኛው ቀን ደግሞ የእንቁላል በዓል ነው፣ የእንጆሪ ዘር የሚሸጠው ያን ዕለት ነው። ብቸኛውን የመውጫ በር ከሚያጓጓው ጠዋት ጋር አጎራብቶ የሠራው ሰው ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው፣ ውጤቱ አንድ ነው።

መላው ቀላል ነው፤ ከአልጋው አንድ እርምጃ ሳትርቁ ሜኑውን ከፍታችሁ ውጡ። ፖስታውን ካያችሁ አለቀ። ሁለተኛው መላ የሚረሳ ነው፦ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መቆየት ግዴታ አይደለም። ጉልበቱ ካለቀ፣ ማሳው ከጠጣ፣ ገበሬውን በጌሙ እኩለ ቀን ላይ ማስተኛት ይቻላል። 20 ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው 14ና 6 ብሎ ከሚሰላ፣ ሁለት የ10 ደቂቃ ቀን ብሎ ቢይዘው ሳይቆርጥ ይነሳል።

ፋክቶሪዮ ላይ ስንመጣ ተራም የለም፣ ቀኑም ሴቭ አያስገድድም፤ ፋብሪካ ብቻ ነው ያለው። ፕራግ ያለው ዉቤ ሶፍትዌር በነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) ሙሉውን ስሪት አውጥቷል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስሙን ከአደንዛዥ ዕፅ ስም ጋር አዳቅለው ይጠሩታል። ሰዓት የሚበላበት መንገድ ከሁሉም ንጹህ ነው፤ ሽልማት የለም፣ ሳጥን የለም፣ ርችት የለም። ያለው ሒሳብ ነው።

አረንጓዴውን የሳይንስ ጠርሙስ፣ ለምርምር የሚውለውን ምርት፣ ማምረት ፈለጋችሁ። ለአንዱ አንድ ኢንሰርተር፣ ማለትም ዕቃ አንስቶ የሚያቀብል ክንድ፣ እና አንድ ማጓጓዣ ቀበቶ ያስፈልጋል። ኢንሰርተሩ አንድ ጊር፣ አንድ የብረት ሉህና አንድ አረንጓዴ ሰርኪዩት ይፈልጋል። ሰርኪዩቱ 3 የመዳብ ሽቦና አንድ የብረት ሉህ ነው፣ በግማሽ ሰከንድ ይሠራል። ሽቦው ደግሞ በዚያው ግማሽ ሰከንድ ከአንድ የመዳብ ሉህ ሁለት ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ሰርኪዩት የሚሠራው ማሽን በግማሽ ሰከንድ 3 ሽቦ ሲበላ፣ ሽቦ የሚሠራው 2 ብቻ ያቀርባል፤ ሁለት የሰርኪዩት ማሽን ሦስት የሽቦ ማሽን ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው አንድ ለአንድ ይገጥማቸውና ሰርኪዩቱ ለምን እንደሚቆራረጥ ግማሽ ሰዓት ሲፈልግ ይቆያል።

ሦስት ለሁለት አደረጋችሁት፤ አሁን መዳቡ አነሰ። ቢጫው ቀበቶ በሰከንድ 15 ዕቃ ይሸከማል። የድንጋይ ምድጃ አንዷን ሉህ በ3.2 ሰከንድ ያቀልጣል፤ ቀበቶውን ለመሙላት 48 ምድጃ ያስፈልጋል፣ 24 በዚህ 24 በዚያ። ምድጃውን ደረደራችሁ፤ አሁን ማዕድን የሚቆፍሩት ማሽኖች አነሱ። እነሱን ጨመራችሁ፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ወደቀና ሁሉም ነገር ተንቀራፈፈ። ለአንድ ቦይለር ሁለት የእንፋሎት ሞተር ነው ልኩ። በፊት አንድ ፓምፕ 20 ቦይለርና 40 ሞተር ነበር የሚያጠጣው፤ በ2024 ከወጣው ስሪት 2.0 ወዲህ ያው ፓምፕ ለ200 ቦይለር ይበቃል፣ ስለዚህ የድሮ መመሪያ እያነበባችሁ ፓምፕ አትደርድሩ። ቦይለሩ ጭስ ያወጣል፣ ጭሱ የአካባቢውን ነፍሳት ያስቆጣል፣ ነፍሳቱ ግድግዳችሁን ይበላሉ። መትረየስ መትከል ጀመራችሁ። የመጣችሁት ለምን ነበር? ለአረንጓዴው ጠርሙስ።

እያንዳንዱ ጥገና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። አንዳቸውም «ረጅም ሥራ» አይመስሉም። ሲቪላይዜሽን ላይ ቢያንስ የሚያልቀው ነገር በቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ እዚህ ግን አንዱን ማጥበቢያ ስትፈቱ ነው ቀጣዩ የሚታየው፣ ስለዚህ ከመነሻው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መገመት አይቻልም። የሚሠራው ብቸኛ ዘዴ ከመክፈት በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ መጻፍ ነው፦ «ዛሬ የመዳብ ምድጃ 48 ይሞላል»። በመንገድ ላይ የተገኘውን ሌላ ችግር አትፍቱት፤ ካርታው ላይ መለያ ተክላችሁ «ኃይል አንሷል» ብላችሁ ጻፉበትና እለፉት። በሚቀጥለው ቀን ጌሙን ስትከፍቱ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት «የት ነበርኩ?» በማለት አታባክኑትም።

አሁን ወደ አጫጭሮቹ እንምጣ፤ ሕጋቸው የተለየ ነው። ከሚጎርፉ ጭራቆች መትረፍ በሆነው በቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ላይ አንድ ዙር በመደበኛ መድረክ ልክ 30 ደቂቃ ነው፤ ሠላሳኛው ላይ ሞት ራሱ መጥቶ ይወስዳችኋል። ሉካ ጋላንቴ የሚባል፣ ቀደም ሲል በቁማር ጌም ኢንዱስትሪ ፕሮግራመር የነበረ ሰው ነው የሠራው፤ ያንን ካወቁ የሽልማት ሳጥኑ ሲከፈት የሚሰማው ሙዚቃና ብልጭታ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ከሳጥኑ 1 ወይ 3 ወይ 5 ዕቃ ይወጣል፤ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ሁልጊዜ ከሚመጣው ይበልጥ ይዞ እንደሚያቆይ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር በርግቦች ላይ ካሳየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሌቨሉም ፊት ለፊት ተጭኗል፦ ሁለተኛው ሌቨል ላይ ለመድረስ 5 ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ እስከ 20ኛው ድረስ በየሌቨሉ 10 ይጨምራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በየጥቂት ሰከንዱ ምርጫ ይቀርባል፤ «እስኪ ልጀምረው» ያለ ሰው መሣሪያውን፣ ጅራፉን፣ ሦስት ሌቨል አሳድጎ ነው ራሱን የሚያገኘው። ጅራፉን 8ኛው ሌቨል አድርሶ «ባዶ ልብ» የሚባለውን ዕቃ የያዘ ሰው ደግሞ ከ10ኛው ደቂቃ በኋላ በሚያገኘው ሳጥን መሣሪያው ይለወጥለታል፤ 9ኛው ደቂቃ ላይ ማቆም የማይታሰበው ለዚህ ነው።

ለዚህ ጌም ጥሩ ነገሩ ልኩ መታወቁ ነው። አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት፣ በመካከል ወርቅ የሚጠፋበት ሱቅ 3 ደቂቃ። ሰዓቱን በዙር ቁጠሩት። «ሃሪ» የሚባለውን አማራጭ ካበራችሁ የጌሙ ሰዓት በእጥፍ ስለሚሮጥ 30ው 15 ይሆናል፤ ጨዋታው ይከብዳል፣ ማታ ላይ ግን እሱ ይሻላል።

ባላትሮ የ2024 ነው፣ በፖከር ካርታ ይጫወታል፣ የእውነት ገንዘብ ግን አይያዝበትም። 8 ካርታ በእጅ፣ 4 ጊዜ መጫወት፣ 3 ጊዜ መጣል። የመጀመሪያው ግብ 300 ነጥብ ነው፣ ቀጥሎ 450፣ ቀጥሎ 600። ፍላሽ፣ ማለትም ባለ አንድ ምልክት አምስት ካርታ፣ 35 ነጥብ በ4 ተባዝቶ ነው፤ አሥ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 9ና 7 አንድ ዓይነት ከሆኑ 35 ላይ የካርታዎቹ ዋጋ 47 ይደመርና 82 በ4፣ 328፤ በአንድ እጅ አለፋችሁ ማለት ነው። ስምንተኛው ደረጃ መጨረሻ ላይ ግቡ 100,000 ይሆናል። ከ600 ወደ 100,000 የሚያደርሰው አምስቱ ጆከሮች፣ ነጥብ የሚያበዙት ልዩ ካርታዎች፣ እርስ በርስ ሲባዙ ነው። የተሸነፈ ሰው «ያንን ጆከር ብገዛው ኖሮ» ይላል፣ ኮምፒውተር ላይ አር የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ አዲስ ጨዋታ ተጀመረ። ቁጭቱ ሳይበርድ አዲስ ካርታ እጅ ላይ ነው። መላው በዙር መካከል መውጣት ነው፤ ጌሙ የቆማችሁበትን ያስቀምጣል። በተለይ ነጥቡ ተቆጥሮ ገንዘቡ ሲገባ፣ ሱቁ ሳይከፈት። ተሸንፎ መውጣት ግን ከባዱ ነው፤ ከሽንፈት የሚነሳ ሰው በልቡ እየተጫወተ ነው የሚተኛው።

የስልኮቹ ጌሞች እዚህ ዝርዝር ውስጥ በልማድ ይገባሉ እንጂ ብዙዎቹ ሌላ ወገን ናቸው። ካንዲ ክራሽ ላይ 5 ሕይወት አለ፣ አንዷ በ30 ደቂቃ ትተካለች፤ ባዶ ከሆነ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ተኩል። እሱ የሚፈልገው በቀን አሥር ጊዜ እንድትመለሱ ነው እንጂ ሦስት ሰዓት እንድትቀመጡ አይደለም። መድኃኒቱም ይለያል፦ ማሳወቂያውን መዝጋት ብቻውን ግማሹን ያህል ይሠራል።

ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወት ሰው ይህ ሁሉ አይገጥመውም። እዚያ ክፍያው በጨዋታ ነው፣ የእግር ኳሱ ግማሽ 6 ደቂቃ ከሆነ ከነመቆራረጡ ሩብ ሰዓት ገደማ፣ ከኋላ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ትከሻ ላይ ቆሟል። የተሸነፈው ይነሳል። ኪስም፣ ባለቤቱም፣ ተረኛውም ማቆሚያ ናቸው። ያው ጌም፣ ያው ልጅ፣ ቤት ውስጥ ሲሆን ሦስቱም ማቆሚያዎች የሉም፤ ልጁ ስለተበላሸ አይደለም ሰዓቱ የሚረዝመው።

ወላጆች ወይም ራሳቸውን የማያምኑ አዋቂዎች መሣሪያው ላይ ገደብ ሲያስቀምጡ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች አሉ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ የልጁ ጊዜ ሲያልቅ የሚሆነው በሁለት ይከፈላል፦ ማስታወቅ ብቻ ወይም ማስወጣት። «ማስታወቅ ብቻ» ላይ የቆመ ገደብ፣ ጥግ ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ጽሑፍ ነው። ኔንቴንዶ ስዊች ላይም እንዲሁ፤ በስልክ በሚሠራው የወላጅ አፕ ውስጥ ጌሙን የሚያስቆመውን አማራጭ ለይታችሁ ካላበራችሁ ማንቂያው ይጮሃል እንጂ ጌሙ ይቀጥላል። የስዊቹ ገደብ በሰው ሳይሆን በማሽኑ ላይ ስለሆነ ግን አዋቂም በራሱ ላይ ሊጥለው ይችላል፤ የይለፍ ቁጥሩን ለሌላ ሰው ማስያዝ ነው።

አይፎን ላይ ያለው ይበልጥ ያስቃል። ገደቡ ሲደርስ «አንድ ደቂቃ ብቻ» የሚል አማራጭ ይሰጣል። የሲቪላይዜሽን ቁልፍ እንደገና መጣ ማለት ነው! በአንድሮይድም በአይፎንም ያለው ትልቁ ቀዳዳ ግን ሌላ ነው፦ የአፕ ገደብ የሚታደሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለቀኑ አንድ ሰዓት የተፈቀደለት ልጅ 5 ሰዓት ላይ ጨርሶ ስልኩ ይዘጋበታል፣ 6 ሰዓት ሲሆን አዲስ አንድ ሰዓት ይሰጠዋል። ሌሊቱን ለመዝጋት የአፕ ገደብ ሳይሆን የመኝታ ሰዓት የሚባለውን ነው ማብራት፣ ሁለቱን አንድ ላይ።

እግረ መንገድ፦ ሦስት ሰዓት ማጣትና ሕመም አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም ሕመምን ሲያስቀምጥ፣ መቆጣጠር ማቃትን፣ ጌሙ ከሌላው ኑሮ ሁሉ መቅደሙንና ጉዳት እያዩ መቀጠልን ጠቅሷል፤ ይህም በመደበኛው 12 ወር ያህል ሲታይ ነው። ቅዳሜ ማታ ከተማ ሲቆረቁር ያመሸውን ሰው አይመለከትም።

መሃል ላይ ለማቆም ከሁሉ የሚመቸው የኮንሶሎቹ እንቅልፍ ነው፤ ፕሌይስቴሽኑን በእረፍት ሁኔታ፣ ስዊቹን ቁልፉን ነክቶ፣ ያለ ምንም ሴቭ እዚያው ማቆም። አንድ ነገር ግን አለው፦ የእረፍት ሁኔታ ሴቭ አይደለም። መብራት ከሄደ ፕሌይስቴሽኑ ላይ ተኝቶ የነበረው ጨዋታ አብሮ ይሄዳል፤ ስዊቹ ባትሪ ስላለው ይተርፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚጫወት ሰው ሲቪላይዜሽን ላይ የሚያጣው ያለበትን ተራ ብቻ ነው፣ በየተራው ሴቭ የሚለውን ካልቀየረው። ፋክቶሪዮ ላይ በቅንብሩ ውስጥ የራስ ሴቭ ርቀት በደቂቃ ስለሚቀመጥ ወደ 2 ወይ 3 ዝቅ ማድረግ ነው፤ ፋብሪካው ሲተልቅ ሴቩ ራሱ ለጥቂት ሰከንድ ስክሪኑን ያቆመዋል፣ ያን ጊዜ ወደ 5 ከፍ ይደረጋል። ስታርዲው ላይ እንዲህ ያለ ማስተካከያ የለም፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ገበሬውን ቶሎ ማስተኛት ነው።